ለወረፋ የተላኩ ሽማግሌዎች

ለእህቴ ልጅ የምርመራ ተራ እንዲለምኑልኝ ሦስት ሽማግሌ ላክሁ፤ ለእኔ ሚስት ይዘው ተመለሱ። የሆነው ይኸው ነው። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩን ደግሞ እዚህ አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ መጋረጃውን ዘግቼ፣ ሰው ሁሉ ሥራ በሚውልበት ሰዓት እንቅልፍ እየለመንሁ ለራሴ ስነግረው ከርሜአለሁ። ሥራዬ የሌሊት ነው። የሆስፒታል አንሶላ አጥባለሁ፤ አጥባለሁ ማለቴ ማሽኑ ያጥባል፣ እኔ አጎርሰዋለሁ። ጠዋት ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ፣ እጋደማለሁ፣ እንቅልፉ አይመጣም። ከተማው ሊድስ ይባላል፣ እንግሊዝ አገር ነው። ዝናቡ እንደ ጎንደር ክረምት አይደለም። የጎንደር ዝናብ ይመጣል፣ ይቆጣል፣ ይሄዳል። የዚህ አገሩ አንዳች ሳይናገር ቀኑን ሙሉ በር ላይ የሚቆም ሰው ይመስላል። ስለ እንቅልፌ ሐኪም ጋ ደውዬ ነበር። የተቀዳ ድምፅ ስለ ትዕግሥቴ አመሰገነኝ፤ ገና አልታገሥሁም ነበር። ከዚያ ሙዚቃ፣ ከዚያ እንደገና ምስጋና፣ ከዚያ አንዲት ሰው የሆነች ሴት መጥታ፣ የትኛው ወረፋ ውስጥ እንደምገባ የሚወስን ሰው እስኪያገኘኝ ድረስ ሌላ ወረፋ ውስጥ እንዳስገባችኝ ነገረችኝ። አመስግኜ ዘጋሁ። እዚህ አገር ወረፋ እንደ ጾም ነው፤ የሚያጉረመርም አለ፣ የሚያፈርስ የለም። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሰው ልጁን ለኦቲዝም ምርመራ ካስመዘገበ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ልጁ ሲመዘገብ ክንዱ ላይ ይታቀፍ ነበር፤ አሁን ከአባቱ ጋር ኳስ ይጫወታል። ይህን ሲነግረኝ እየሣቀ ነው። እኔም ስቄ ወደ ማሽኔ ዞርሁ፤ ቤት ስገባ አበቡ ከጎንደር ደወለች።

አበቡ ታናሽ እህቴ ናት። ማራኪ በሚባለው የጎንደር ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ምግብ ታበስላለች። ልጇ የትናየት በመስከረም ስድስት ዓመት ይሞላታል። አባቷ ለሰሊጥ አጨዳ ብሎ ቆላ፣ ሳንጃ ወረደ፤ እዚያው ሌላ ጎጆ ቀለሰ፣ ሰሊጡም እሱም አልመጡም። የትናየት አትናገርም። የግቢው ተማሪዎች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ሲገቡ እሷ ከትልቅ ወደ ትንሽ ትደረድረዋለች። አንዱ ጫማውን ካነሳ የቀሩትን ሁሉ እንደገና ታሰልፋለች፤ ሲያነሳ ካየችው ደግሞ ጩኸቷ ከተማው መሀል አራዳ ድረስ ይሰማል። ተማሪዎቹ ለምደው አሁን ሲወጡ በጫማ ቁጥር ተራ ነው። አጸደ ሕፃናት ግን አልለመደም። ዳይሬክተሯ፣ ልጅቷ ምን እንዳላት የሚገልጽ የባለሙያ ወረቀት ምዝገባው ሳያበቃ ካልመጣ አልቀበልም ብላለች። ወረቀቱን የሚሰጠው እዚያው ማራኪ አካባቢ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቶ የተከፈተ ማዕከል ነው፤ ባለሙያዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንድ ልጅ አይቶ ለመጨረስ ቀኑ ይሄዳል። ቀጠሮ ሰጪዋ ለአበቡ፣ ተራሽ ከመጪው ጥምቀት በኋላ ነው አለቻት። ምዝገባው የሚያበቃው ጳጉሜን ላይ ነው። አበቡ ይህን ስትነግረኝ አታለቅስም፤ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ቢላዋው ይሰማኛል። ያላለቀሰችበት ምክንያት ሌላ መውጫ ስላገኘች ነው፤ መውጫውን ስሰማ ተነሥቼ ተቀመጥሁ። ወረቀቱ ካልተገኘ አያ በላቸው ልጅቷን ወደ ደጋ ወስደው ጠበል ሊያስገቧት ነው። ሁለት ሱባዔ። እምቢ ካለች ታስራ። «ምን ላድርግ አለቤ» አለችኝ፤ «ትምህርት ቤት ካልገባች ማን ዘንድ ትዋል? ደግሞ አያ የሚሉት አላቸው። አለበልን ማን አናገረው ነው የሚሉኝ።»

አለበል እኔ ነኝ። አያ በላቸው የእናታችን ወንድም ናቸው፤ ከዳባት ወዲያ ያርሳሉ፤ ጠበል ይሠራል ለማለት የሚጠሩት ምስክር እኔን ነው። እስከ ስድስት ዓመቴ አልተናገርሁም። ስሜ እያለ ድንጋዩ ይሉኝ ነበር። አባቴ በዱላ ሊያናግረኝ ሞከረ፣ ዱላው ተሰበረ። ነሐሴ ነው፤ አያ በላቸው ሁለት እጄን ይዘውኛል፤ አጥማቂው አባ ሀዳነ፣ ያኔ ጺማቸው ጥቁር ነው፣ ውሃውን በቅል እየቀዱ ያወርዱታል፤ ውሃው ከገደል የመጣ ነው፤ ቆዳዬ ላይ ሳይሆን አጥንቴ ላይ ነው የሚወርደው፤ አፌን ከፍቼ «በረደኝ» አልሁ። እልል ተባለ። አባ ሀዳነ አለቀሱ። እናቴ ወደቀች። በርዶኝ ነው። ማንም አልደረበልኝም፤ ሁሉም ምስጋና ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህም ብዙ አልተናገርሁም። አባቴ ሲሞት በአሥራ አራት ዓመቴ ሳንጃ ወርጄ ሰሊጥ አጨድሁ፤ ሳንጃ አይበርድም፣ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ዝም አልሁ። አሠሪው ወደደኝ። ስለ ሳንጃ ሌላ የምለው የለኝም። ከዚያ እስከዚህ እንዴት እንደደረስሁም አልናገርም፤ የጠየቁኝ የኢሚግሬሽን ሰዎች አሉ፣ እነሱ ይበቃሉ። ያልሁት ይህን ነው፤ የትናየት አትታሰርም። ይህን ለአበቡ ተናገርሁ። «እሺ አትታሰር» አለችኝ፤ «ወረቀቱን ከእንግሊዝ ትልከዋለህ?»

ስለዚህ አሰብሁ። ጥፋቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ያልተኛ ሰው ማሰብ የለበትም። ለአበቡ የነገርኋት ይህ ነበር፤ በቢሮ በኩል የተዘጋ በር በቤት በኩል ይከፈታል። ከሁለቱ ባለሙያዎች አንዷ ሚስጥር የምትባል የአራዳ ሰፈር ልጅ ናት፤ አባቷ አቶ አስናቀው ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሰው ያውቃቸዋል። ሽማግሌ ወደ አባትየው ይሂድ፣ አባትየው ልጃቸውን ይለምኑልን፣ ተራው ለነሐሴ ይሁን። አበቡ ነውር ነው አለች። እኔ አገሬን አውቃለሁ አልሁ። አገሬን ካየሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አያ በላቸው ዘንድ ደወልሁ፤ የጠበሉን ነገር እንዳላነሣባቸው ሰግተው ነበር መሰለኝ፣ ሽማግልና ስላቸው ድምፃቸው ወጣት ሆነ። ከራሳቸው ጋር አባ ሀዳነን መረጡ፤ ለሦስት እንዲሞላ ደግሞ የአበቡን ጎረቤት ጋሽ ሙሉሰውን፣ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፣ አሮጌ ሚኒባስ አላቸው። ሽማግሌ በእግር ከሚሄድ በመኪና ቢሄድ ይከበራል አሉኝ። እሺ አልሁ። ስልኩን ዘጋሁና ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኛሁ።

ሄዱ። በእሑድ ጠዋት፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ አቶ አስናቀው ደጅ ቆሙ። ግቡ ተባሉ፣ ገቡ፤ ተቀመጡ ተባሉ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ይህ ወግ ነው። ሽማግሌ ደግሞ ጉዳዩን ዘሎ አይናገርም፤ ይህም ወግ ነው፤ ስለዚህ አባ ሀዳነ በግዕዝ ጀመሩ፣ የቤቱን ባለቤት መረቁ፣ አዝመራውን መረቁ፣ አቶ አስናቀው አዝመራ ባይኖራቸውም። ምርቃቱ ሲያልቅ አቶ አስናቀው ሦስቱን እንደ ቆሙ ያዩአቸዋል። ሠላሳ ሦስት ዓመት የሞላት፣ የተማረች፣ ያላገባች ልጅ አለቻቸው። ቤታቸው ሦስት ነጭ ጋቢ ቆሟል። በልጄ በሚስጥር ነገር ነው የመጣችሁት ብለው ጠየቁ። በእሷው ነው አሉ፤ እውነት ነው። እንግዲያው ዘመድ ሳላማክር ቃል አልሰጥም፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ አሏቸው። የሴት ልጅ አባት የመጀመሪያውን ሽማግሌ እንዲህ ነው የሚሸኘው። አያ በላቸው ደውለው ቀጠሮ ተሰጠን አሉኝ። ለየትናየት? ለእኛ። ተራ ለመለመን ተራ ያዝን ማለት ነው። የሊድስ ወረፋ ጎንደር የገባ መሰለኝ። በሁለተኛው ጊዜ ዘመድ ተሰብስቦ ጠበቃቸው። የላካችሁ ሰው የማን ልጅ ነው ተባሉ፤ አባ ሀዳነ የእኔን ዘር በአባትም በእናትም እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ፣ የማላውቃቸው ቅድመ አያቶቼ አራዳ ገቡ። የት ነው ያለው፣ ምን ይሠራል፣ ጠጪ ነው ወይ፣ አግብቶ ፈትቷል ወይ ተባሉ። መለሱ። በሦስተኛው ጊዜ፣ ሰኔ መግቢያ ላይ፣ አያ በላቸው ደወሉ፤ ከበስተጀርባቸው ሰው ይስቃል፣ ብርጭቆ ይጋጫል።

«ሰጡን» አሉኝ።

«ለነሐሴ?»

«ልጅቷን።»

አያ፣ ለወረፋ ብለው ሰባት ቤት አጥንት ሲያስቆጥሩዎት አልጠረጠሩም ወይ አልኋቸው። «ምነው? ቢሮ ስትሄድ መታወቂያ አይሉህም? ይኸም መታወቂያችን ነው» አሉ። ያገባ ነው ወይ ሲባሉስ? «አላገባም አልሁ፣ ልዋሽልህ ነበር?» አሉ። አባ ሀዳነ በሁለተኛው ጊዜ ጠርጥረው ነበር አሉ፤ ግን ለልጁም ቢሆን ይጠቅመዋል ብለው ዝም ብለዋል። ልጁ እኔ ነኝ፤ አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ታዲያ ሰጠን ሲሏችሁ ምን አላችሁ አልሁ። «እግዚአብሔር ይስጥልን አልን። ሰው ከነዘመዱ ቆሞ ልጄን ሰጥቻለሁ ሲል፣ የለም እኛ ለወረፋ ነው የመጣነው ይባላል? ምን ጎደላት ሊሉን?» የየትናየትስ ነገር? ድምፃቸው ወረደ። በደስታ ላይ ወረፋ ማንሣት ነውር ስለመሰላቸው ትተውታል። አሁን ሊድስ ነኝ፣ ቀን ነው፣ ዝናቡ በር ላይ ቆሟል፣ ታጭቻለሁ፣ የእህቴ ልጅ ግን ተራዋ አሁንም ከጥምቀት በኋላ ነው።

በሦስተኛው ቀን የማላውቀው የጎንደር ቁጥር ደወለ።

«ጤና ይስጥልኝ። አቶ አለበል ነዎት?»

«ነኝ።»

«ሚስጥር እባላለሁ። እጮኛዎ ነኝ።»

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ በር ላይ አግኝታቸው፣ አያ በላቸው ኅሊናቸው ወቅሷቸው እውነቱን ነግረዋታል። ለአባቷ ግን አልነገረችም። ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነው፤ ተራ በተራ ነው የምታስቀምጠው። መጀመሪያ፣ ተራ እንደማትሰጥ ነገረችኝ። ከየትናየት ፊት ያሉት ልጆችም አጎት አላቸው፤ ያላቸው ደግሞ ሽማግሌ የሚልክ አጎት አይደለም፤ አንዳንዶቹ እናታቸው በጀርባዋ አዝላ ከወገራ በእግር የምታመጣቸው ናቸው። ገባኝ አልሁ። ጋብቻውንም አልፈልገውም አለች። ገባኝ አልሁ።

«ሁሉም ነገር ነው የሚገባዎት?»

«ያልገባኝን አልጠየቁኝም።»

ሳቀች መሰለኝ፤ ሳል ሊሆንም ይችላል። ከዚያ የተናገረችው ለእኔ አይመስልም፣ ለግድግዳ የምትናገር ይመስል ነበር። ቀጠሮ ከያዘላት ቤተሰብ ከሦስቱ አንዱ አይመጣም። ከሚቀሩት አንዱ መንገድ ይዘጋበታል። አንዱ በዚያው ሳምንት ልጁን ጠበል አስገብቶታል። አንዱ በሩ ድረስ መጥቶ የሚያውቀው ሰው አይቶ ተመልሷል። እሷ ባዶ ወንበር ፊት ተቀምጣ ትውላለች፤ ከኋላ የተሰለፈው ደግሞ ተራው የደረሰ አይመስለውም፣ የሚጠራው ሰው የለምና። የመጡትም ቢሆኑ እናት ብቻዋን ትመጣለች፣ ታፍራለች፣ ልጁ መቼ ቆመ፣ መቼ ሄደ ሲሏት አላስታውስም ትላለች፤ ግማሽ ቀን በዚህ ያልፋል። «የእርስዎ ሰዎች» አለች፣ «ሦስት ጊዜ መጥተው ሦስቱንም ጊዜ ሳይቀመጡ ቆሙ። ደከመኝ አላሉም። እኔ ቀጥሬ እንዲህ የሚመጣልኝ ሰው የለኝም። ያውሱኝ።»

ሽማግሌዎቼን አዋስኋት። ሌላ ያለኝ ነገር አልነበረም። አያ በላቸው ስነግራቸው፣ እርሻውስ አሉ፤ ከዚያ፣ ጋቢው ታጥቧል አሉ። ሚስጥር የሚቀሩባትን ቤተሰቦች ነገረቻቸው። ልጅን ማሰር እንደማይጠቅም በሄዱበት ሁሉ እንዲናገሩ አስማለቻቸው፤ ጠበልን አትከልክሉ፣ ገመዱን ከልክሉ አለቻቸው። ሐምሌ ሙሉ በጋሽ ሙሉሰው ሚኒባስ ዞሩ፤ ዳባት፣ ደባርቅ፣ መንገድ ባለ ጊዜ ከዚያም ወዲያ። እኔ እዚህ አንሶላ ለማሽን አጎርሳለሁ፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ አያ በላቸው ናቸው። አንድ አባት ልጄን አላወጣም ብሎ ደጅ ትቷቸው እርሻ ወረደ፤ ዝናብ ጣለ፣ ግቡ ቢባሉ አንገባም አሉ፣ ሦስቱም በዝናብ ቆመው ጠበቁት፤ ሲመለስ መንደሩ ሁሉ እሱን ነው የሚያየው። በማግሥቱ ማራኪ ነበር፤ ልጁንም ሚስቱንም ይዞ። አባ ሀዳነ ደግሞ የጠበሉን አገልጋዮች አነጋግረው ሱባዔውና ቀጠሮው እንዳይጋጭ አደረጉ፤ ሱባዔ ሲጨርስ በማግሥቱ ወደ ሚስጥር። እናቶችን የሚጠይቁትም እሳቸው ናቸው፤ ነገሩን ሁሉ በበዓል ነው የሚያስታውሷቸው። ክርስትና ስትነሣ ከጎረቤት ማን ነበረች አራሷ? ለደብረ ታቦር ቆማ ነበር ወይ? ለጥምቀት ታቦት ስትሸኙ በእግሯ ሄደች ወይስ አዝለሻት? አላስታውስም ያለችው ሴት ሁሉ ታስታውሳለች፤ ሚስጥር ዘንድ ስትደርስ ታሪኩ አልቋል፣ ልጁን ማየት ብቻ ቀርቷል።

ነሐሴ መግቢያ ላይ ሚስጥር ደወለች። አንተ ብላ ነው የጀመረችው። «ሽማግሌዎችህ ወረፋዬን አስረዘሙት» አለች። ጓዳ ውስጥ ተደብቀው የነበሩ፣ ማንም የማያውቃቸው ልጆች ወጥተዋል፤ አያ በላቸው አንዱን ቤት ሊያመጡ ሄደው ሦስት ቤት ይዘው ይመለሳሉ፤ ቀጠሮ ሰጪዋ ሚኒባሱን ስታይ በር መዝጋት ጀምራለች። ይቅርታ አልሁ። «ምነው ይቅርታ?» አለች፤ «አዲሶቹ ከኋላ ነው የገቡት። ባዶ ወንበር ግን የለኝም፤ ከፊት ያለው እየሄደ ነው። የእህትህ ልጅ ተራዋ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደርሷል። በተራዋ ነው፤ ማንንም አላለፈችም።» አመሰገንሁ። ስለ ሌላውስ ጉዳይ አልኋት፣ ስለ አባትሽ። ምክንያቱም አቶ አስናቀው በየሳምንቱ ይደውሉልኛል። ልጄ፣ መቼ ነው የምትመጣ ይሉኛል። ወረቀት ይዞኛል እላለሁ። ወረቀት መልካም ነው ይላሉ፣ ስለ ጨርቅ ዋጋ ይነግሩኛል፣ ትንሽ ዝም እንላለን፣ አይከብደንም። እንዲህ ከሰው ጋር ዝም ብዬ አላውቅም። ሚስጥር፣ ይቆይ አለች። እሷ ታጨች ከተባለ ወዲህ ቤታቸው ሌላ ሽማግሌ ቆሞ አያውቅም፤ እሑድ እሑድ ተኝታ ታረፍዳለች። «ከምርመራው ወረፋ በኋላ ስላንተ አስባለሁ» አለችኝ። ስንተኛ እንደሆንሁ አልጠየቅሁም።

ከዚያ የሥራ ድምፅዋን አወጣች። ለየትናየት የቤተሰብ ታሪክ ያስፈልጋታል፤ እናታችን የለችም፣ አበቡ ታናሽ ናት፣ የምታውቀው የለም፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። በቤተሰቡ ዘግይቶ የተናገረ ሰው አለ ወይ አለች።

«የለም» አልሁ።

ወረቀት ስትገልጥ ይሰማኛል። «አባ ሀዳነ የነገሩኝ ሌላ ነው። አንድ ልጅ ስድስት ዓመት ሞልቶት ጠበል ውስጥ በረደኝ አለ ይላሉ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርሁ።

«ያ ልጅ አሁን የት ነው?»

«ውጭ አገር ነው።»

«ደኅና ነው?»

«ይሠራል።»

«ጓደኛ አለው?»

«ማሽን አለው።»

«ይተኛል?»

መጋረጃው ዳር ላይ ትንሽ ተቀዷል፤ በዚያ በኩል የሚገባው ብርሃን ግድግዳው ላይ ቆሟል። «አይተኛም» አልሁ። አልጻፈችውም፤ የብዕር ድምፅ አልሰማሁም። ያኔ ያን ልጅ ወንበር ላይ አስቀምጦ የሚያየው ሰው ቢኖር ሸጋ ነበር አለች። ከዚያ ለአዋቂ የሚሆን ምርመራ ጎንደር የለም፣ እዚያ ግን ሳይኖር አይቀርም፣ ተመዝገብ አለች። ወረፋው ረጅም ነው አልኋት። «ሽማግሌ ላክ» አለችኝና ዘጋች። ያን ቀን ሥራ እስክገባ ተጋድሜ ሳስብ ዋልሁ፤ አባቴ፣ ዱላው፣ ቅሉ፣ ነጭ የሆነው የአባ ሀዳነ ጺም። አንዳንዱን አሁን ነው የሚበርደኝ። ለማንም አልነገርሁም።

ነሐሴ መጨረሻ አበቡ የትናየትን ይዛ ገባች፤ ሽማግሌዎቹም ገቡ፣ ከሚስጥር ቢሮ ማንም ሊያስወጣቸው አልቻለም፣ መሥሪያ ቤታቸው ሆኗል። ቀኑ አለቀ። ኦቲዝም ነው አለች ሚስጥር፤ ምን ማለት እንደሆነ፣ ምን እንደምትችል፣ በምን እንደምትጀምር አስረዳቻቸው። አያ በላቸው መድኃኒቱስ አሉ። መድኃኒት የለውም፣ እሷ እንዲህ ሆና ነው የተፈጠረች፣ የምትፈልገው በሚገባት መንገድ መማር ነው ተባሉ። ታዲያ ለምን ተሰለፍን አሉ። ሚስጥር፣ እንድናውቃት አለች። አያ በላቸው ይህን በስልክ ከነገሩኝ በኋላ፣ ዳባት ላይ ገመድ አይጠቅምም እያልሁ ሰው ስገስጽ ከርሜ ቤቴ ገመድ አላወጣም አሉኝ። ጠበሉን በጠርሙስ አምጥተው እጇን አስነክተዋታል። ሞቅ አድርገው። አሞቅሁት ሲሉኝ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ሁለታችንም ስልኩን ቶሎ አልዘጋንም።

ወረቀቱ ጳጉሜን ሁለት አጸደ ሕፃናት ደረሰ። ዳይሬክተሯ ገልብጣ አየችው፣ ማኅተሙን አየች፣ ለሙከራ እቀበላታለሁ አለች፤ የመጀመሪያውን ቀን ካልቻለች ግን ትመለሳለች። ያን ቀን እጠብቃለሁ። መስከረም ነው፣ ከሥራ ወጥቻለሁ፣ አልተጋደምሁም፤ ወንበር ላይ ነኝ፣ ስልኩ ጉልበቴ ላይ ነው። አበቡ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ቆማ ትነግረኛለች፤ ድምፅዋ ይቆራረጣል። ወላጆች ልጆቻቸውን እያስገቡ ነው። አንድ ወንድ ልጅ እናቱን ይዞ አለቀሰ። የእሱን አይቶ ሌላው አለቀሰ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። ለቅሶው በስልኩ እዚህ ድረስ ይሰማል። የትናየትስ እላለሁ። አበቡ አታያትም፣ መስኮቱ ከፍ ያለ ነው። አሁን አንዷ እናት ልጇን ይዛ ወጣች፣ ነገ ይለምዳል እያለች። አሁን ሁለተኛዋ። እናቶች አንጀታቸው አይችልም፣ እየገቡ እየወሰዱ ነው፣ በሩ ላይ ሰልፍ ሆኗል። የትናየትስ እላለሁ። ቆይ ትለኛለች። ለቅሶው እየሳሳ፣ እየሳሳ፣ አለቀ። መምህሯ ወደ በር መጣች። የትናየት ጠረጴዛ ሥር ገብታ ጆሮዋን ይዛ ነበር አለቻት ለአበቡ፤ ጸጥ ሲል ወጣች፣ ወንበር መርጣ ተቀመጠች፤ ሂጂ፣ በሰዓቱ ትመጪያለሽ አለቻት።

«ሌሎቹስ ልጆች?» አልሁ።

«ሁሉም ወደ ቤታቸው ሄዱ» አለችኝ አበቡ። «ክፍል ውስጥ የቀረችው የትናየት ናት።»